ሐረጎ፣ ቁጥር አርባ ሦስት

ጋሽ ይመር አረጉ በጋቢ ጠቅልሎ፣
ከባጃጅ አውርዶ፣ እንደ ታመመ ሰው ደግፎ፣ ቀስ ብሎ፣
አጋደመው ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከተፈቱ ስልኮች መሃል።
«የውስጡ ባትሪ ሊሞት ነው፤ ያስታወሰው ሁሉ ይጠፋል።
ሃያ ሦስት ዓመት ሠርግ ለሠርግ ስዞር
ያበጀሁት ድምፅ ነው እዚህ ውስጥ የሚኖር።»

ጥቁር ሲንተሳይዘር፣ ጠርዙ የለቀቀ፣
እንደ ልጅ የፊት ጥርስ አንድ ቁልፉ የወለቀ።
መስኮቱ የአውራ ጣት፣ ሁለት መስመር ብቻ፤
አንዲት ቁጥር ለማረም የቁልፍ ዘመቻ።
ገመዱን ሰካሁት ከላፕቶፔ ጋራ፤
ሶፍትዌሩ «ማነህ?» አለው፣ እሱም ስሙን ጠራ።
ከዚያ ተዘረጋ በብርሃን ገበታ
ሞገዱ፣ ማጣሪያው፣ የድምፁ አነሳስ፣ ያሟሟቱ ሁኔታ።
«አቤት!» አለ ጋሽ ይመር፣ «በገዛ ቤቴ ውስጥ
ግድግዳ ስዳብስ ኖርኩ፣ መጋረጃ ሳልገልጥ።»

ስልሳ አራት ድምፅ፣ ስልሳ አራት ስም፤
ለስም የተፈቀደው ከአሥር ፊደል አይበልጥም።
«ባቲ ሁለት» አለ። «አምባሰል ክ» አለ፣
ክረምቱ ቦታ አጥቶ ደጅ ላይ እንደ ዋለ።
ስልሳ አንደኛዋ ግን «ዘይነ» ብላ ቀረች፣
ባዶ ሜዳ እያላት ካጋማሽ ቆመች።
«ልሙላት?» አልኩት። መልስ አልፈለገ፤
ያልቆሸሸ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

እኔ ሥርዓት እወዳለሁ። የተደገመ ስሰርዝ፣ የተጣመመ ሳርም፣
አንዲት «ላ» አየሁ፣ ከእህቶቿ መስመር አልገጠመችም፤
አሥራ ስምንት ሳንቲም ጎድላለች፤ ድምፅም በሳንቲም ይለካል።
ወደ ዜሮ ልስባት ስል፣ እጁ ማውሱ ላይ ይወድቃል።
«ተይ እንጂ ልጄ! አሰን ነው እሱ። የወረባቦው ማሲንቆኛ።
እኩለ ሌሊት ሲያልፍ፣ ሲደክመው፣ ያቺ ድምፅ ታዘነብልበታለች፤ ሠርገኛ
የሚሰማው ነገር አይደለም። እኔ ግን ሰማሁ።
ሰውየውን ከማርመው ብዬ፣ ማሽኑን ሳሳስት አነጋሁ።
አሰን ካረፈ ስድስት ዓመቱ።
ይኸው፣ አለ ስህተቱ።»

ተውኩት።

መቅዳት ጀመርን። አንድ። አሥራ ሰባት። ሠላሳ። አርባ ሁለት።
መብራት ጠፋ። ከነመንገዱ፣ ከፒያሳ እስከ መናፈሻ፣ ድንገት።
ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ እኛን እያየ በራ፤
ሲንተሳይዘሩ ጨለመ። ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የጄኔሬተር ጎራ።
አርባ ደቂቃ ጠበቅን። አንዳችንም ወሬ አላመጣን።
መብራቱ ሲመለስ የመጀመሪያውን ቁልፍ እሱ ነካ፤ የማንንም ያልሆነ፣
ከፋብሪካ እንደ ወጣ፣ እንደ ውሃ ቧንቧ ጩኸት ያለ ድምፅ።
አርባ ሁለቱ ላፕቶፑ ውስጥ አሉ። ሌላው የለም።

«አርባ ሦስት ምን ነበር?»
«ሐረጎ» አለ። ቆየና፣
«እሺ። ከደሴ እንነሳ። ክፈችው፤ ጧት ነው፣ የጦሳ ቁር።»
ማጣሪያውን እስከ ጫፉ ከፈትኩት፤ ድምፁ ጥርስ ያፋጫል።
«አሁን ቁልቁል። ቀስ በይ። አውቶቡሱ ሙሽራ ጭኗል።»
ማውሱን ጎተትኩ። ዘጠና። ሰማንያ ሁለት።
«እዚህ ጉም አለ፤ ጉም ጨምሪ።»
ማስተጋቢያውን ከፍ አደረግሁ።
«በዛ። ሾፌሩ ምን ያያል?»
ቀነስኩ። ሰባ። ስልሳ አንድ።
«ጆሮ እዚህ ጋ ይደፈናል።»
ሃምሳ።
«ቁሚ! እዚህ ጋ ሰው ሹራቡን ያወልቃል።
ኮምቦልቻ ከታች ትታያለች፤ አልደረስንም ገና።»

ዓይኑን ጨፍኖ መታው። ደጋገመው።
የድሮው ቆሞ ያዳምጥ ይመስል አንገቱን ዘወር አደረገ።
«እሱ አይደለም» አለ። «መንገዱ ግን እሱ ነው።»

አስቀመጥኩት፤ በላፕቶፑም፣ በፍላሽም፣ በስልኬም።
«ሃያ አንድ ይቀራል» አልኩት።
ስለ ስልሳ አንደኛዋ ማናችንም አላነሳን።
ጋቢውን አጣጥፎ ወንበሩ ላይ ተወው።
«ነገ ሠርግ የለኝም» አለ።