በሰው ስም

መብራቱ በአከራዬ ስም ይቆጥራል፣
ስልኬ በጎረቤቴ ስም ይጠራል፣
የሱቁ ንግድ ፈቃድ በሽርካዬ፤
የእኔ ብቻ የሆነው መፍቻዬ።

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የማዕዘኑ ቤት።
ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ሌሊት።
ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል፣ እንደ ሽማግሌ፤
ጀሪካን፣ ድስት፣ የልጅቷ መታጠቢያ ሳፋ፣
ሞልቼ ሳልጨርስ አየር ብቻ ሲተፋ።
ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እንቅልፌ ራሱ
ማክሰኞን ለምዷል፤ ቀን አይስትም እሱ።

ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ።
ለሥጋ ቤቱ፣ ለለስላሳ ሻጯ፣ ለመድኃኒት ቤቱ ኢንሱሊን
ብርድ እሠራለሁ በየቀኑ፤
ሐምሌ ሲገባ ግን
ሁለት ካልሲ፣ ሁለት ሹራብ፣ ያም አይበቃኝ፤
ሁዴይዳ ላይ በጨው ንፋስ ያደገ ገላ
ዘጠኝ ክረምት ሙሉ ከዚህ ጭቃ እየተጣላ።

ልጆቹ ከደረጃው ሥር "ሶሪያ!" ይሉኛል፤
"የመን ነው" ብዬ አርሜ ነበር፣ ሁለቴ ይመስለኛል።
"ያው ነው" አለ አንዱ፣ ኳሱን እያነጠረ።
ያው ከሆነስ ብዬ ምላሴ እዚያው ቀረ።

ስሜ ቀይስ ነው፤ በዚህ አገር ጆሮ ግን ቄስ።
"ቄስ አብዱልባሪ!" ይጠሩኛል፤ መስኮቱ ጋ እስክደርስ
ሰልፉ ሁሉ ዞሮ ጥምጣሜን ይፈልጋል።
ዛሬ ሲስተም የለም። ነገ በዓል ይሆናል።
ከነገ ወዲያ፣ "ፎቶው ላይ ጆሮዎ አይታይም" ይላል ልጁ።
ጆሮዬን ይዤ እመለሳለሁ፣ በሦስት ታክሲ።

ረዋን እዚህ ተወለደች። ስትወድቅ "እናቴን!" ትላለች።
እናቴ ከሁዴይዳ ድምፅ ስትልክላት
ሁለት ጊዜ ታዳምጥና "አባ፣ ምን አለች?"
እተረጉማለሁ። ግማሹን።
ስለ ዓሣው እነግራታለሁ፣ የጣሪያውን ትቼ።
የልጅቷን መልስ ደግሞ ወደዚያ ስወስድ
"ኧረ ተዪኝ እቴ" የሚለውን ምን ልበለው?
ዘለልኩት።

የካቲት ላይ የዘበኛው የጉርሜሳ ሚስት ሞተች።
ድንኳን ተተከለ፤ ሁሉም ሰው ሥራ ነበረው፣
ወንበር የሚያወርድ፣ ጄሪካን የሚሸከም፣ መብራት የሚስብ።
እጄን የት ላድርገው? ምሰሶ ልይዝ ስጠጋ
"አንተ እንግዳ ነህ፣ ቁጭ በል" አሉኝ፣ በደግነት።
ቁጭ አልኩ። ንፍሮው በመዳፌ ቀዘቀዘ።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንግዳ!

እሑድ እድሩ ኮሙናሉ ውስጥ ተሰብስቦ ነበር፤
"ልመዝገብ" አልኩ፣ ቆሜ ከበሩ ዳር።
ሊቀ መንበሩ አቶ ዲንቃ መነጽራቸውን አወለቁ።
"የዛሬ ዓመት ቢሄድስ? መዋጮው ይመለስለታል?"
"ሚስቱ ወጥ ተራ ትገባለች?"
"ድስት ማጠብ አለ፣ እሱን ንገሩት።"
ከኋላ ሽንኩርት በፌስታል የያዙ ሴትዮ ተነሡ፦
"ልጄ፣ አይድረስብህና፣ ብትሞት
ሬሳህ ወዴት ነው የሚሄደው?"

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤
ቅጹም ላይ የለም።
የምጠየቀው ሁልጊዜ መቼ እንደምሄድ ነው።
"እዚሁ" አልኩ።
ቃሉን ሰማሁት፣ ሌላ ሰው የተናገረው ይመስል።
ለሱመያ አልነገርኳትም ነበር፤ ለራሴም ቢሆን።

ጸሐፊዋ አመለወርቅ ደብተሩን ገለጠች።
"ስም?"
"ቀይስ።"
"ቄስ?"
ሳቅ ሆነ። "ቄስ ካገኘንማ ፍትሐቱም በነፃ ነው!" አለ አንዱ።
እስክሪብቶዋ ቀድሟት ጽፎታል፤ ልትሰርዘው ስትል
"ተይው" አልኳት።
ከላዬ ጉርሜሳ፣ ከታቼ ባዶ መስመር፤
ምዝገባው ስድስት መቶ፣ በየወሩ ሃምሳ ብር፣
ለቀረ ቅጣት አለው።

ማታ ደረሰኙን ለሱመያ ሰጠኋት።
ፊደሉን አታነብም፤ ማኅተሙን አየች፣ ቁጥሩን አየች።
"ስድስት መቶ? ምን ገዛህበት?" አለች።
አፌን ስከፍት
ቧንቧው አሳለ።
ማክሰኞ አይደለም እኮ!
ባልዲ ፍለጋ ተሯሯጥን።