የእግር ቁጥር

ሺና ጡረተኛ ናት፤
በግላስጎው ጎዳና ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ የነዳች፣
የቱ ፌርማታ ሥር ነፋስ እንደማይዘልቅ ለይታ ያወቀች።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ
አሮጌ መኪናዋን ካልሲና ሾርባ ሞልታ፣
ዝናቡን ሰንጥቃ ትመጣለች ወርዳ
ከድልድዩ በታች፣ ወደ ፈርጉስ ጓዳ፣
ካርቶን ወደ ለበሰው።
ሲዘምት ማርሽ ተመታለት፤
ሲመለስ ድልድይ ጣሪያ ሆነው።

ስለ ጦርነቱ አልጠየቀችውም፤
«ጠርሙሱን ተው» ብላ አልመከረችውም።
«የእግርህ ቁጥር ስንት ነው?»
ይህችው ናት ጥያቄዋ።
እሱ ፊቱን ያዞራል፤
አንዳንዴ ይሳደባል፤
ሾርባው ይቀዘቅዛል።

አሥራ አራት ሐሙስ።
በአሥራ አምስተኛው፣ በረዶ ሲጥል፣
«ዘጠኝ» አለ፣
እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን
ድል ነው ብዬ አልጽፍም።
ሆስፒታል ገባ፣ ወጣ፤
ሁለቴ ወደ ጠርሙሱ ተመለሰ፤
ሁለቴም እዚያው ድልድይ ሥር አገኘችው፣
ባለ ዘጠኝ ካልሲ ይዛ፣
ቁጥሩን ሳትጠይቅ።

ዛሬ ቁልፍ አለው።
ሦስተኛ ፎቅ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ አልጋ፤
እሱ ግን ወለሉ ላይ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣
ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል እስኪነጋ።

ሺና መጋረጃ ልትሰቅል መጥታ
አየች። ዝም አለች።
ፍራሹን ከአልጋው ላይ ጎትታ
ወለሉ ላይ አነጠፈችለት፣
ግድግዳውን አስጠግታ።

«ጫማህንስ?» አለችው፣ መዶሻዋን እየፈለገች።
ፈርጉስ ጎንበስ አለ፤
ብዙ ቆየ፤
የአንድ እግሩን ማሰሪያ ፈታ።