መዛኟ

በፔኒሽ ወደብ፣ ከዓሣ ገበያው፣
ፈሊስሚና ናት ሚዛን የያዘችው፤
ሠላሳ አንድ ዓመት።
ሣጥን ሙሉ ሰርዲን በዓይኗ ትለካለች፣
መርፌው ሳይረጋ ቁጥሩን ትጠራለች፤
«ሃያ ሁለት ተኩል!»
ብላ ስትናገር መርፌው ይከተላታል፤
በጨረታ ማንንም የማያምን ነጋዴ እሷን ያምናታል።

አንድ የጥር ንጋት፣ ባሕሩ ጉም ለብሶ፣
ሣጥን ይዛ ስትዞር፣ እንደ ጋለ ሽቦ ወገቧን ጠብሶ
አንድ ነገር ገባ።
ገባ፤ አልወጣም።
ስምንት ዓመት ሞላው፤ ኪራይ አይከፍልም፣
ውጣ ቢሉት አይሰማም፣
ሌሊቱን ሙሉ ዕቃ ሲጎትት ያድራል እንጂ አይተኛም።

ካልዳሽ ድረስ ሄዳ ራጅ ተነሣች፣ በጎን፣ በጀርባዋ፤
ወጣቱ ሐኪም ፊልሙን በብርሃን አየና፣
«ምንም የለም» አላት፣ «አጥንትሽ ደኅና።»
ምንም!
ያ ምንም ነው፣ ካልሲዋን አጎንብሳ እንዳታጠልቅ የከለከላት፤
ያ ምንም ነው፣ ደረጃው መካከል በእጅ በእግሯ ያስኬዳት፤
የእህቷ ልጅ ሰርግ ዕለት፣ አዲሱን ቀሚሷን እንደ ለበሰች
መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ያስተኛት፣
ያው ምንም ነው።

ሌላዋ ሐኪም በዕድሜ የበሰለች ነበረች፤
«ሕመምሽ ስንት ነው፣ ከዜሮ እስከ አሥር?» ብላ ጠየቀች።
ፈሊስሚና ሳቀች።
«እኔ መዛኝ ነኝ እኮ፣ ዶክተር፤ ሚዛን እንዳይዋሸኝ
ዓሣ ሳይጫንበት በባዶው አየዋለሁ፣ መርፌው ዜሮ ላይ እስኪቆምልኝ።
የኔ መርፌ ከዜሮ ከራቀ ስምንት ዓመቱ።
ዜሮዬን አምጪልኝ፤
ያኔ እነግርሻለሁ ስንት እንደ ሆነ ክብደቱ።»

እኔስ?
እኔ ቤልሚሮ፣ ጀልባ አራጋፊው፣ ከጎኗ የምውለው፣
«ደኅና ትመስያለሽ፤ ፊትሽ ወዝ አለው» ያልኳት እኔ ነኝ፤ ወዙ ላብ ነው።
ማክሰኞ ስትቀር፣ ረቡዕ ስትስቅ ስናያት፣
በየብርጭቋችን ላይ «ሥራ ጠልታ ነው» ብለን አማናት።
ደም ካላየ አያምንም፣ ጤነኛ ሰው፤
ፋሻና ክራንች ካላሳዩት፣ ሕመም ሁሉ ሰበብ ነው የሚመስለው።

ባለፈው መስከረም፣ ጨረታው ሲዘጋ፣
ሰባታችንንም ጠራችን፤ «በሉ እስቲ፣ ወደዚህ ጠጋ!»
መረብ የሚሰምጥበትን እርሳስ ሦስት ሦስት ኪሎ መዝና፣
በየወገባችን አሰረች፣ በሲባጎ ቋጥራና፣
«እስከ ነገ ንጋት» አለች።
«ስትበሉም፣ ስትተኙም፣ ልጅ ስታቅፉም አትፍቱ፤
የሚጠይቃችሁን ሁሉ፣ ‹ደኅና ነኝ› በሉት፤ በርቱ!»

እስከ ምሳ ቀልድ ነበር።
አሥር ሰዓት ላይ አዴሊኖ ልጁን ያለ ጥፋቱ ተቆጣ፤
ዞራይዴ ማታ ጎኗን ብታገላብጥ፣ እንቅልፍ ከየት ይምጣ።
እኔማ፣ ልናዘዘው፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ፈታሁት፣
ከአልጋው ሥር ወረወርኩት፤
ጠዋት፣ ማንም ሳያየኝ፣ እንደ ሌባ መልሼ ታጠቅሁት።

አየችኝ።
ሚዛኗ ላይ ሳልወጣ በዓይኗ መዘነችኝ።
«ፈትተኸው ነበር» አለች።
አልካድኩም።
«አልፈርድብህም። እኔም እንዳንተ ቋጠሮዬን ባገኝ፣
የዚያኑ ሌሊት ነበር የምፈታው።
የቱ ጋ እንደ ታሰረ አሳየኝ።»

ከዚያ ወዲህ ከሚዛኑ ጎን አንድ ወንበር ቆሟል፤
የማን እንደ ሆነ አይጠየቅም፤ ትናንት የተቀጠረ ልጅ ሳይቀር ያውቃል።
እኔም «ደኅና ነሽ?» ማለት ትቻለሁ፤
«ዛሬ ስንት ሣጥን ይዘሻል?» ብዬ እጠይቃታለሁ።
«አንድ» ትለኛለች፤ አንዳንዴ፣ «ሦስት፤ ያውም በረዶው ያልቀለጠ።»

ትናንት ግን ዝም አለች።
መርፌው ቀደማት።
ቁጥሩን እኔ ጠራሁላት።