የአንዲት ፊደል እግር

ሳልሚያ፣ ነሐሴ። ሬንጁ ቀልጦ ጫማ ይይዛል።
የማዳምን ነጭ መኪና እያጠብኩ፣ ቱቦው በእጄ፣
ከስድስተኛው ፎቅ አንድ ነገር መጣ።
ምንጣፍ መስሎኝ ነበር፤
እዚህ ሰፈር ሐሙስ ሐሙስ ምንጣፍ ይራገፋል።
ምንጣፍ ግን አይጮህም።

ቀና ስል ሁለት እጆች የበረንዳውን ብረት ለቀው
መጋረጃው ውስጥ ገቡ። ባንዱ ላይ ቀለበት።

ሁለት ጎረምሶች ስልክ አወጡ።
አንዱ፣ «ትንሽ ወደ ግራ በል» አለው፣ «ጥላህ ወደቀባት።»
የኬራላው ባለሱቅ ሳንቲም ቆጥሮ መለሰ።
አንዲት እናት የልጇን ዓይን በእጇ ሸፈነች፣
የራሷን አልሸፈነችም።
እኔም ቱቦውን አልዘጋሁም።
ይኸን ነው የምናዘዘው፦
ውሃው በጫማዬ ዙሪያ፣ በመኪናው ሥር ሄዶ ሄዶ
እሷ ጋ ሲደርስ ቀለም ያዘ።

አንሻ ትባላለች። የሐርቡ ልጅ።
ፓስፖርቷ ላይ ስሟም ሌላ፣ ዕድሜዋም ሌላ፤
ደላላው ስድስት ዓመት ጨምሮላታል፤
ምነው ያን ስድስት ዓመት
በወረቀት ሳይሆን በነፍሷ በሰጣት።

ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ ሊፍቱ በር ላይ እንገናኝ ነበር።
አንድ ቀን ከንፈሯ አብጧል። «በር መታኝ» አለች።
ሌላ ቀን ዓይኗ ሥር። «በር ነው።»
የዚያ ቤት በር ቀለበት እንደሚያደርግ
ከጠባሳው ቅርጽ አውቄ ነበር።
አውቄም «ቻዪው» አልኳት፤ «ውልሽ እስኪያልቅ።»
መቻል፣ እኛ ለሴት ልጅ
ሳንሰስት የምንሰጣት ጥሎሽ።

አስተርጓሚ ጠፋና ፖሊስ ጣቢያ ጠሩኝ።
መኮንኑ ደግ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃ ሰጠኝ፣
«ምን ሆነ?» አለኝ፤
አፌን ሳልከፍት ጽፎ ጨርሷል።
ከእኛ በኩል የመጣው ጸሐፊ ወደ አማርኛ መለሰው፦
«ከአሠሪዋ ጋር ተጣላች። ቀጥላም ወደቀች።»

ተጣላች።
ከ«ተጣላች» እስከ «ተጣለች»
የአንዲት ፊደል እግር ነው።
ላ አንድ እግሯን አጥፋ ቆማለች፤
ያችን እግር ብትዘረጋት
ሟቿ ጠበኛ መሆኗ ይቀራል፣
ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሰው ይወጣል።
«እባክህ አስተካክላት» አልኩት።
ሰዓቱን አየ። «ወንድሜ፣ ግድፈት አይደለም እኮ።
ዘንድሮ ሰባተኛዬ ናት። ሰባቱም ወደቁ።»

ሰባት ሴት!
መስኮት የሚወለውሉት ወንዶች በገመድ ተንጠልጥለው ይውላሉ፣
ማታ በእግራቸው ይገባሉ።
የመሬት ስበት ሴት ለይቶ ነው እንዴ የሚስብ?

«ምን ቂም ነበረው?» ይላሉ። «ገና ሦስት ወሯ፣
በቅጡ እንኳ አያውቃትም።»
እሱን እኮ ነው የምለው።
ቂም ሰው ያውቃል፤ ጥላቻ ስም አይጠይቅም፣
ፊት አይለይም፣ ወር አይቆጥርም፤
ቀሚስ ካየ ይበቃዋል፣
ለባሿ ማን ትሁን ምን መች ገዶት ያውቃል።

ማታ አገር ቤት ደወልኩ።
እህቴ ከንፈሯን መጠጠች። «ምስኪን» አለች።
ጥቂት ቆየችና፣
«እሷስ ምን ብትለው ነው?»
ከሳልሚያ እስከ ሐርቡ
ይኸ ጥያቄ ቪዛ አይጠየቅም።

ሐሙስ ተመልሶ መጣ። ምንጣፎች ተራገፉ።
አስፋልቱን አጥበውታል፤ ካጠቡትም ወዲያ
ከቀረው ሬንጅ ይልቅ ጠቁሯል።
ጎረምሶቹ እዚያው ቆመው በሌላ ነገር ይስቃሉ።
ቱቦውን ዘጋሁ።
ጣቴን አርጥቤ በመኪናው ግንባር ላይ ጻፍኩ፦
ተ፣ ጣ፣ ለ፣
እግሯን ዘርግቼ፣ ሁለቱንም፣ አስተካክዬ።
ብረቱ ፍም ነው። ች ላይ ሳልደርስ
ተ ደርቃ ጠፍታለች።

ጣቴን ነከርኩ።
ተ።