ቀማሿ

ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ፣ ታኅሣሥ ሃያ ስምንት፣
አያልነሽ የለችም፤ ፈረቃዋ ሌሊት።
እኔ አለሁ፣ ሁለት ልጆች፣ ሁለት ኪሎ ዱቄት፣
ስድስት እንቁላል፣ ቅቤ፣ እና ያለኝ ድፍረት።

ስኳሩ በስኒ ነው ወይስ በጭልፋ?
የነገረችኝን ስልኬ ላይ ጽፌ
ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ከነትእዛዙ ጠፋ።

«እማዬ እንዲህ አታደርግም» ትላለች ትንቢት፣
እጅጌዋን ሰብስባ እንደ ወፍጮ ቤት እመቤት።
ናሆም ቅቤ የነካ ጣቱን እያየ
ወደ አፉ ሲያስጠጋ፣ ጦሙ ትዝ አለውና ቆየ።
አርባ ሦስት ቀን የታገሰ ልጅ በአንዲት ጣት ሊረታ?
እኔም ምራቄን ዋጥኩ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ መልሼ ለአፍታ።

ታዲያ ጣፈጠ፣ አልጣፈጠ፣ ማን ይንገረን አሁን?
ማን ይቅመስ ሊጡን?

ትንቢት በሩን ከፍታ ወደ ጎረቤት ጮኸች፦
«ኢክራም! ምላስሽን ይዘሽ ነይ!»
ኢክራም መጣች።

የእንድሪስ ዳቦ ቤት ልጅ፣ ስምንት ዓመቷ፣
እርሾ የሚያውቅ አፍንጫ፣ ሁለት ጥርስ ጎድሏት ከፊቷ።
ማንኪያውን ተቀበለች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤
እንደ ዳኛ ዝም አለች።
«ጨው ረስታችኋል፤ ስኳሩን ሰስታችኋል።»
ጨመርን። «አሁንስ?» «ትንሽ ቀርቷችኋል።»
ጨመርን። «አሁንስ?» እጇን ዘረጋች፣ «እንደገና ልየው»፤
አራተኛው ማንኪያ ላይ ነው ተንኮሏ የገባኝ፤
ዝም አልኩ፤ ምን አለበት፣ ትየው።

«በረመዳን» አለችኝ አፏን እየጠረገች፣
«የእናቴን ሾርባ የምትቀምስላት ትንቢት ነች።
ተራ ነው።» ነገሩን እንዲህ ዘጋች።

ከዚያ ቅርፅ ማውጣት፤ ክቡ በብርጭቆ አፍ፣ ኮከቡ በቢላ።
ናሆም ግን አይሱዙ ሠራ፣ ባለ ስድስት ጎማ፤
«ቤተልሔም አይሱዙ የለም» ብትለው እህቱ፣ አልሰማ።
«ሰብአ ሰገል ሐረጎን በግመል ሊወጡት ነው?» አለ፤
ሐረጎን ለሚያውቅ ሰው፣ ለዚህ ምን መልስ አለ?

ትሪውን ተሸክመን፣ ሦስት ልጅና አንድ አባት፣
ወደ እንድሪስ ምድጃ፣ ዳቦው ወጥቶለት።
«እሳቱ ደክሟል፤ ለብስኩት ግን ይበቃል» አለን፤
ሒሳብ ስለው በዳቦ ማውጫው እንጨት አባረረን።

እስኪበስል ቆርቆሮዋን አመጣችው ትንቢት፤
የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ ከመስከረም ጀምራ የሞላችበት
ጥጥ።
ከማሽኑ የሚበን፣ የእናቷ ራስ ላይ የሚያርፈውን፣
በየንጋቱ ከሽሩባዋ መሀል የለቀመችውን።
እኔ የምትጥለው መስሎኝ ነበር፤ አንድ ቀን አልጠየቅኩ፤
አራት ወር ሙሉ ከጎኗ እያለሁ አልጠረጠርኩ።

አሮጌ ሸሚዜን ቀደዱ፤ ኢክራም መርፌውን ያዘች።
ስፌቱ ጠማማ፤ አንዱ ማዕዘን ከሌላው ሦስት ጣት ይረዝማል፤
ከጥጡ መሀል አንድ ጥቁር ጸጉር ብቅ ብሏል፤
ትንቢት ልትነቅለው ስትል፣ «ተይው» አልኩ፣ «እሱም የእሷ ነው፤ ይሁን።»
ትንሽ ትራስ ናት፤ ስምንት ሰዓት ለሚቆም እግር የምትሆን።

የጥበቃው የጋሽ ይመር ድርሻ በደብተር ወረቀት ተጠቀለለ፤
ናሆም በሒሳብ አራት ከአሥር ያገኘበትን ገጽ መርጦ
«ይህ ይሁን» አለ።

ማለዳ ሰርቪሱ ሲያወርዳት፣ ራሷ ነጭ ሆኖ፣
ሽበቱ ገና ነው፤ ጥጥ ነው ያደረው በኖ።
እግሯን ትራሱ ላይ አሳረፈች፤ በምን እንደተሞላ አልነገርናት፤
«ሲለሰልስ! ከየት ገዛችሁት?» ስትል፣ ሣቅን፤ አልመለስንላት።

ጦሙ ተፈቷል። ትሪው መሀል ላይ ነው። ማንም አልነካ።
«ምን ትጠብቃላችሁ?»
«ቀማሿን» አለ ናሆም፣ አይሱዙውን በዓይኑ እየለካ።
ትንቢት ከእናቷ ኋላ ቆማ ለከርሞ ትለቅማለች፣
ባዶ ቆርቆሮዋን በብብቷ ይዛለች።

በሩ ተንኳኳ።