ከዋንዛው በታች

ትናንት ማታ ነው የጫንኩት፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ፣
አሮጌው ቅጂ ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ድጋፉ ሊቋረጥ።
የደቦ ሥራ ነው፤ ጌታ የለው፣ ደመወዝ የለው፣
የማላውቀው ሰው፣ የማላውቀው አገር፣ ሌሊት ቁጭ ብሎ የጻፈው።
እኔ ጅማ፣ መሬት አስተዳደር፣ ሁለተኛው ፎቅ፣
በነጻ ወስጄ የምጠቀም፣ የአንዱን ስም እንኳ ሳላውቅ።

ከኔ በፊት ፈትያ ነበረች፤ ፈትያ አባ ፊጣ፣
ካርታውን ሁሉ ያስገባች፣ አቧራ ከበላው ሣጥን አውጥታ።
አዳማ ከሄደች አራት ዓመቷ። መስመር ሦስት መቶ ሰባት ላይ፣
«አትንኩት፤ ይሠራል» ብላለች። ምክንያቱ የለም፣ ብፈልግ ከታች ከላይ።

ነካሁት።

ጠዋት አባ ዝናብ መጡ፣ ካርታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣
ከጎረቤት የተካረሩበትን ወሰን «እስቲ እይልኝ» ብለው።
ቁጥሩን አስገባሁ። የስክሪኑ ግማሽ ሰማያዊ ሆነ።
አሳነስኩት፤ ሰማያዊው ባሰ፣ ገነነ።
አዌቱ የለም፣ ጅሬን የለም፣ መርካቶውም የለ፣
የአባ ዝናብ ማሳ አልጄሪያ ሄዶ፣ ከባሕር ጎን ቁጭ አለ።
(ባሕር ዳር ስል ከተማዋን አይደለም፤ ጨው ውኃውን ነው።)
መነጽራቸውን አስተካከሉና፣ «ልጄ፣ ግብሩን ለማን ነው የምከፍለው?»

ነገሩ የቅደም ተከተል ነው። ኬንትሮስ ይቀድም ነበር በኛ ልማድ፤
አዲሱ ኬክሮስን አስቀደመ፣ እንደ ደንቡ፣ በቀናው መንገድ።
ልክ ነው። ክፋቱ ልክ መሆኑ።
እኛ ነን ዘጠኝ ዓመት ግራውን ቀኝ ስንል የኖርን፤
አብረን ስለተሳሳትን ግን አልተጠፋፋንም፤ ተገናኘን።

ወደ ድሮው ልመለስ አልኩ፤ ማስጠንቀቂያው ቢጫ በቢጫ፣
እንደ ሐምሌ ጎርፍ ወረደብኝ፤ መሄጃም የለው መምጫ።
ደግሞ ድሮው የራሱ ጉድ አለው፤ ከወረቀቱ ወደ ሳተላይት ሲሻገሩበት፣
ሁለት መቶ ሜትር የሚያንሸራትት፣
ቤት ከነባለቤቱ ከአዌቱ ማዶ የሚያሳድር፣ ሳያስፈቅድ በሌሊት።

ዝም ብዬ ስቀር፣ «ወሰኑ እኮ» አሉ፣ «ከዋንዛው በታች ነው።»
«ዋንዛው የታለ?»
«ወደቀ፤ አባቴ በሕይወት ሳሉ ነው መብረቅ የመታው።
አሁን ባሕር ዛፍ ነው ያለው።»
(ባሕር፣ ዛሬ በየት በኩል ልሽሽህ!)
«ታዲያ ለምን ዋንዛው ትሉታላችሁ?»
«ስሙን ብንለውጥ፣ ውሉን ሁሉ እንደገና ማን ይጽፈዋል?
ከዋንዛው በታች በለው፤ የሰማ ሁሉ ባሕር ዛፉ ሥር ይመጣል።»

አክስቴ ትዝ አለችኝ። ባጃጁ «መርካቶ» ይላል፣ እሷ «ሂርማታ» ትላለች፤
አይጠያየቁም፤ እዚያው ወርዳ፣ እዚያው ትገዛለች።

ከሰዓት በኋላ ትንሽ ድልድይ ሠራሁ፣ አሥራ አራት መስመር፣
ድሮውን በድሮ አፉ ሰምቶ፣ ለአዲሱ በአዲስ አፍ የሚናገር።
እስከ መቼ? አላውቅም። ድልድይም ይበሰብሳል፤
ሁሉም ከተሻገረ በኋላ ደግሞ፣ ማፍረሱን ማን ያስታውሳል?

ጅማ ተመለሰች፤ ከነጭቃዋ፣ ከነጉም ጥላዋ።
አባ ዝናብ ሦስት ሜትር ጎደለባቸው። አዲሱ ትክክል ነው፤ ለጎረቤት ፈረደ።
አላመሰገኑኝም። ላስቲካቸውን እየጠቀለሉ፣
«ባሕሩ ይሻለኝ ነበር» አሉ።

ማታ ለፈትያ ደወልኩ። «ለምን ነበር አትንኩት ያልሽው?»
«እኔ እንጃ» አለች፣ «ያን ቀን መብራት ይሄዳል ይመጣል፤
ሠርቶ ሳየው ጊዜ ፈራሁ መሰለኝ፣ ሌላ ምን አለው?»

መስመሯን አልሰረዝኩትም። ከሥሩም ምንም አልጨመርኩ።

ግን አንዳንዴ፣ ዘበኛው በር በር ሲል፣ ፎቁ ከሰው ሲላቀቅ፣
ድልድዩን ለአፍታ አንስቼ አያለሁ፤
ባሕር አይቶ የማያውቀው አዌቱ፣ ጨው ውኃው ውስጥ ሲጠልቅ፣
ከመርካቶው ኋላ፣ አንዲት መርከብ ስታልፍ፣ በሩቅ።