የጅብ ጥላ

ሌሊት አስራ አንድ ተኩል፣ ከብርኖ የሚነሳው ባቡር
ጉሮሮውን ጠርጎ ይነሳል፣ ተማሪ እንደሚቆጣ መምህር።
ቅርጫቱን ከጎኔ ወንበር፣ መስኮቱ ጋ አስቀምጫለሁ።
“ሰው አለው ወይ?” ይለኛል ቲኬት ቆራጩ። “አለው” እለዋለሁ።
አልዋሸሁም፤ ለእማዋይሽ ቦታ ይዤላታለሁ።

አክስቴ እማዋይሽ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ፣
ለሁለት ዓመት ስልጠና መጥታ፣ አርባ ዓመት የከረመች እንግዳ፣
የእጅ ሰዓቷን እስክትሞት የሞላች በሀገሯ አቆጣጠር፣
ስድስት ሰዓት አጉድላ እያነበበች፣ አንዴም ያልዘገየች ለባቡር።

እናቴ ስታርፍ፣ በዘጠኝ ዓመቴ፣ ወደሷ ላኩኝ።
ገና በሦስተኛው ቀን፣ ቦት ጫማ አጥልቃ፣
ከቲሽኖቭ ባሻገር ደን ከተተችኝ።
ጎንበስ ስትል ጮህኩ፦
“ኧረ አክስቴ፣ የጅብ ጥላ ነው! የነካው ይሞታል!”
“ጅቡስ የታለ?” አለችኝ። “ጌታው ከሄደ፣ ጥላው ለኛ ይሆናል።”

ስም አወጣችላቸው፣ ቼኮቹ የማያውቁት፦
ጥምጥም የመሰለ ነጭ ቆብ የደፋው “መሪጌታ”፤
ቀይ ለብሳ ነጭ የፈነጠረባት “ኩፍኝ”፣ ዓይንህ እንጂ እጅህ አይንካት፤
ከቅጠል ሥር የምታፍረዋ፣ ወርቅማዋ “ሙሽሪት”፤
መልኳ ያማረ፣ አንዷ ብቻ ድስቱን ሙሉ የምታመርር “አማት”።
(ባል ኖሯት አያውቅም፤ አማትን ከየት እንዳወቀቻት አልጠየቅኋትም።)

“ቢላህ አይቸኩል” ትለኝ ነበር። “ሥሩን ስትነቅል ቤቱን ታፈርሳለህ።
ቁረጥና ቦታውን በቅጠል ሸፍነው፤ ለከርሞም ትመጣለህ።”
ከዚያ ዝም። የጉንዳን ኩይሳ ዞራ፣
ለበሰበሰ ግንድ፣ ለታላቅ እንደሚደረገው፣ ወገቧን ሰብራ።

ማታ በቅቤና በሽንኩርት ጠብሳ፣ “ብላ” ትለኛለች፤
እሷ “ቅድም ቀምሻለሁ” ትልና፣ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ ትነክራለች።

ከቀብሯ መልስ፣ ጎረቤቷ ወይዘሮ ቭላስታ፣
ሳቋን ከእንባዋ መለየት አቅቷት ለአንድ አፍታ፣
“ሰላሳ ዓመት በሬን አንኳኩታ፣ የተረፋችሁን ሰጥታኝ ትሄድ ነበር፤
እሷማ ሽታውንም አትወድ፤ አንድ ቀን አልቀመሰችም፣ ምስክሬ እግዜር።”

መጀመሪያ ተናደድሁ። ስንት ሳህን ብቻዬን በላሁ!
ያን ሁሉ ጭቃ፣ ያን ሁሉ ውርጭ፣ ለምን ብላ ነው? አልሁ።
ማጀቷ ውስጥ ቆሜ፣ ቢላዋን በኪሴ እየዳሰስሁ፣
ትዝ አለኝ፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ፣ ማታ ማታ የሚቃዥ ያ ልጅ፤
“ካቀረቀርህ አይቀር” ያለችው፣ “የሆነ ነገር ፈልግ እንጅ።”

አርባ ስምንት ዓመት ሆነኝ ስፈልግ።
ዛሬ ጉም ነው። ጥዱ ይንጠባጠባል፤ ጉልበቴ ይንቋቋል።
ዝናቡ ዘግይቶ ነበር ዘንድሮ፤ መሬቱ አሁንም ኮስተር ብሏል።
አንዲት መልከ መልካም አገኘሁ፣ ከግንዱ ጥግ፣ ብቻዋን የቆመች ወይዘሪት፤
በምላሴ ጫፍ ነካኋት። አማት!
ተፋሁና ሳቅሁ፤ ወፍ ደንግጦ ተነሳ።
ቅርጫቱ ባዶ ነው። የመልሱ ባቡር ስድስት ሰዓት ነው፣
በሷ ሰዓት።